ሪሲቨሩ ሳሎን፣ እናንተ መኝታ ቤት፦ የሪሞት ማራዘሚያ አገጣጠም እና አልሰራ ሲል የሚደረገው

"ሪሲቨሩ ሳሎን ነው ያለው፣ ገመድ ስቤ መኝታ ቤት ባለው ቲቪም አያለሁ፣ ግን ቻናል ለመቀየር ሁሌ ተነስቼ ሳሎን መሄድ አለብኝ፣ መላ የለውም ወይ?" ይሄ ጥያቄ መልኩን እየቀያየረ ይመጣል። አንዱ ሪሲቨሩን ቡፌ ውስጥ ከቶ በሩን ሲዘጋ ሪሞቱ እምቢ ያለው ነው፣ አንዱ ቲቪውን ግድግዳ ላይ ሰቅሎ ሪሲቨሩን ከኋላው የደበቀ ነው፣ ሌላው ደሞ ማራዘሚያውን ገዝቶ ገጥሞ "አይሰራም፣ ተበላሁ" የሚል። የሚበዙት እነዚህ የመጨረሻዎቹ ናቸው፣ እና አብዛኛውን ጊዜ እቃው ደህና ነው፣ ችግሩ አቀማመጡ ላይ ነው። ስለዚህ ከመግዛት ጀምሮ እስከ ብልሽት ፍለጋ በተራ ላስቀምጠው።

እንዴት ነው የሚሰራው

ሪሞታችሁ ጫፍ ላይ ያለችው ትንሽ አምፖል የምትለቀው ብርሃን ነው፣ አይናችን የማያየው ኢንፍራሬድ የሚባል ብርሃን። ብርሃን ስለሆነ የብሎኬት ግድግዳ አያልፍም፣ የቡፌ በርም አያልፍም። ደሞ ዝም ብላ አትበራም፣ አብዛኛው ሪሞት ላይ በሰከንድ 38 ሺህ ጊዜ ያህል ብልጭ ድርግም ትላለች፣ ሪሲቨሩ የፀሐይና የአምፖል ብርሃንን ትቶ የሪሞቱን ለይቶ የሚያውቀው በዚህ ነው። 38 የምትለዋን ቁጥር ያዟት፣ በኋላ ትፈለጋለች።

ማራዘሚያው ሶስት ነገር ነው። እናንተ ያላችሁበት ቦታ የሚቀመጥ አይን፣ ምልክቱን የሚያጎላ ትንሽ ሳጥን፣ እና ሪሲቨሩ ፊት ላይ የሚለጠፍ ኤሚተር የሚባል ሚጢጢ አምፖል። አይኑ ሪሞቱን ያያል፣ ሳጥኑ በሽቦ ያሳልፈዋል፣ ኤሚተሩ ያንኑ ብልጭታ ሪሲቨሩ ፊት ይደግመዋል። ሪሲቨሩ ሪሞቱ ፊቱ የተያዘ ነው የሚመስለው። ይሄ ሰንሰለት ከገባችሁ የቀረው ቀላል ነው፣ አልሰራ ሲል የቱ ጋ እንደተቆረጠ ብቻ ነው የምትፈልጉት።

የትኛውን ልግዛ

መጀመሪያ አንድ ነገር፣ ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት የሪሲቨሩን ካርቶን ፈትሹ። ከቲቪ ጀርባ የሚደበቁት ትንንሾቹ ሪሲቨሮች ብዙ ጊዜ የራሳቸው አይን ባለ ሽቦ ሆኖ ካርቶኑ ውስጥ ይመጣል፣ ሰው ምን እንደሆነ ሳያውቅ ከካርቶኑ ጋር ይጥለዋል። እሱ ካለ ከሪሲቨሩ ጀርባ አይአር (IR፣ ኢንፍራሬድ ሲያጥር) የሚል ቀዳዳ ላይ ትሰኩታላችሁ፣ አይኑን ቲቪው ጠርዝ ላይ ትለጥፋላችሁ፣ አለቀ። ይሄን ጽሁፍ ማንበብም አያስፈልጋችሁም።

ከሌለ ምርጫው ይሄ ነው፦

ባለ ሽቦው ኪት፣ ማለትም ሙሉ ስብስቡ፣ ለቡፌ፣ ከቲቪ ጀርባ ለተደበቀ፣ ወይም ጎን ለጎን ላሉ ሁለት ክፍሎች ነው። ስልክ አይፈልግ፣ ኢንተርኔት አይፈልግ፣ አንዴ ከተገጠመ ይረሳል። ቤት ውስጥ ትልልቅ ሰዎች ካሉ እኔ ሌላ አልመክርም፣ ምክንያቱም የለመዱትን ሪሞት ነው የሚይዙት።

ባለ ሬዲዮው ሁለት ቁራጭ ነው፣ አንዱ እናንተ ጋ አንዱ ሪሲቨሩ ጋ ይቀመጣል፣ በመሀል ሽቦ የለም። ብዙዎቹ በ433 ሜጋኸርዝ ነው የሚሰሩት፣ ግድግዳ ያልፋል ግን ብረት ያለበት ኮንክሪት ያዳክመዋል። ልደታ ወይም ሰንጋ ተራ ኮንዶሚኒየም ላይ ያላችሁ ይሄን አስቡ፣ የድሮ ጭቃ ቤት ውስጥ ከሆናችሁ ግን በደንብ ያልፋል። ጎረቤታችሁም አንድ አይነት እቃ ካለው አንዳችሁ የሌላችሁን ቻናል ልትቀይሩ ትችላላችሁ፣ ይሄ ቀልድ አይደለም።

የዋይፋዩ አይነት ሳሎን ውስጥ ሪሲቨሩን በሚያይ ቦታ የሚቀመጥ ትንሽ እቃ ነው፣ ስልካችሁ ሪሞት ይሆናል። ሽቦ መሳብ ለማይፈቀድለት ተከራይ ጥሩ ነው። ጉዳቱ ቻናል በቀየራችሁ ቁጥር ስልክ መክፈት ነው፣ ልምዱ ላላቸው ምንም አይደለም።

ምስሉን በኔትወርክ ገመድ ወደ ሩቅ ክፍል የሚወስደው ኤችዲኤምአይ ማራዘሚያ ደሞ አለ፣ ብዙዎቹ የአይን እና የኤሚተር ቀዳዳ አብሯቸው ይመጣል። ገና ምስሉንም ካልሳባችሁ እና ርቀቱ ረጅም ከሆነ ሁለቱን በአንድ የሚጨርሰውን ግዙ፣ በኋላ ሌላ ሽቦ ከመሳብ ትድናላችሁ።

ከዚህ በታች የምጽፈው በዋናነት ባለ ሽቦውን ነው፣ የሚሸጠውም የሚያስቸግረውም እሱ ስለሆነ።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- ኪቱ ራሱ፦ አይን፣ ሳጥን፣ ቢያንስ አንድ ኤሚተር
- 5 ቮልት የስልክ ቻርጀር፣ ሳጥኑ ዩኤስቢ ከሆነ። ሌላ ቮልት የሚል ከሆነ የራሱን አዳፕተር ብቻ
- አዲስ የሪሞት ድንጋይ
- ካሜራው የሚሰራ ስልክ
- የእጅ ባትሪ ወይም የስልክ መብራት
- ጥቁር ፕላስተር፣ እና ሁለት ፊቱ የሚያጣብቅ ፕላስተር
- ትንሽ አልኮል እና ለስላሳ ጨርቅ
- የሽቦ መያዣ ክሊፕ
- ሽቦው ካልደረሰ የ3.5 ሚሊሜትር ጃክ ማራዘሚያ፣ ስቴሪዮ የሆነውን፣ ማለትም ጫፉ ላይ ሁለት ጥቁር ቀለበት ያለበት

የመጨረሻውን አትናቁት። አይኑ ሶስት መስመር ነው የሚፈልገው፣ አንዱ መብራት፣ አንዱ ምልክት፣ አንዱ መመለሻ። አንድ ቀለበት ብቻ ያለበት ጃክ ሁለት መስመር ብቻ ስለሆነ የሚያሳልፈው፣ አይኑ በሱ ላይ አይሰራም። ኤሚተሩ ሁለት ይበቃዋል።

ከመጀመራችሁ በፊት ተጠንቀቁ

- 12 ቮልት አዳፕተር 5 ቮልት የሚል ሳጥን ላይ አትሰኩ። ጫፉ ልክክ ብሎ ስለገባ ትክክል ነው ማለት አይደለም፣ ሳጥኑም አይኑም አንድ ላይ ሊቃጠሉ ይችላሉ።
- ሪሲቨሩ ወይም ቲቪው ጀርባ ያለው የኤቪ ቀዳዳ እና የአይአር ቀዳዳ አንድ አይነት ነው የሚመስሉት። ጽሁፉን ሳታነቡ አትሰኩ።
- የማራዘሚያውን ቀጭን ሽቦ የ220 ቮልት መስመር ባለፈበት ቱቦ ውስጥ አታስገቡ። የሽቦው ልባስ ለዛ አልተሰራም፣ የመብራቱ መስመር ደሞ ምልክቱን ይረብሻል።
- ግድግዳ በትራፓኖ መብሳት ካስፈለገ ከሶኬትና ከማብሪያ ማጥፊያ ቀጥታ ወደላይ ወይም ወደታች ባለው መስመር ላይ አትብሱ፣ የመብራት ሽቦ ብዙ ጊዜ የሚያልፈው በዛ ነው። የኮንዶሚኒየም ኮለን እና ቢም አይነካም።
- የኤችዲኤምአይ ማራዘሚያ የገዛችሁ ሰዎች፣ ኢንተርኔት ማከፋፈያ ላይ እንዲሰካ ነው የተሰራው ካላለ በቀር ገመዱን ራውተር ላይ አትሰኩ። ሶኬቱ አንድ ነው እንጂ በውስጡ የሚሄደው ሌላ ነው፣ ከላኪው ሳጥን ቀጥታ ወደ ተቀባዩ ሳጥን ነው መሄድ ያለበት።

አገጣጠሙ

1. ሪሞቱን እና ሪሲቨሩን ለብቻቸው ፈትኑ።
ማራዘሚያውን ሳትነኩ ሪሲቨሩ ፊት ቆማችሁ ሁሉም ቁልፍ መስራቱን እዩ። ከዛ የስልካችሁን ካሜራ ከፍታችሁ የሪሞቱን ጫፍ ወደ ካሜራው አዙሩና አንድ ቁልፍ ተጫኑ፣ ስክሪኑ ላይ ነጭ ወይም ወይንጠጅ ብልጭታ ይታያል። የኋላው ካሜራ ካላሳየ በፊት ለፊቱ ሞክሩ፣ ብዙ ስልክ የኋላው ካሜራ ላይ ይሄን ብርሃን የሚከለክል ማጣሪያ አለው። ብልጭታው ደካማ ከሆነ ድንጋዩን ቀይሩ። ይሄ ለምን መጀመሪያ ሆነ ካላችሁ፣ ድንጋዩ ያለቀበት ሪሞት ቅርብ ሲሆን ይሰራል ራቅ ሲል አይሰራም፣ እናንተ ደሞ ማራዘሚያው ተበላሸ ብላችሁ ቀኑን ሙሉ ትደክማላችሁ።

ሌላም ነገር ከዚሁ ፈተና ታገኛላችሁ። በሁለቱም ካሜራ ምንም ብልጭታ ካላያችሁ እና ሪሞቱ ግን የሚሰራ ከሆነ፣ ያ ሪሞት ኢንፍራሬድ ሳይሆን ብሉቱዝ ሊሆን ይችላል። በድምፅ የሚታዘዙት የስማርት ቲቪ እና የአንድሮይድ ቦክስ ሪሞቶች ብዙዎቹ እንደዛ ናቸው። የናንተም ብሉቱዝ ከሆነ ይሄ ማራዘሚያ አይጠቅማችሁም፣ እዚሁ አቁሙ።

2. የሪሲቨሩን አይን በትክክል አግኙት።
ከሁሉም እርምጃ ይሄኛው ነው የሚዘለለው፣ ከሁሉም የሚያስቸግረውም ይሄው ነው። የሪሲቨሩ ፊት ጥቁር የሚያብረቀርቅ ፕላስቲክ ከሆነ መብራት አጥፍታችሁ የእጅ ባትሪ በሰያፍ አብሩበት፣ ከፕላስቲኩ ጀርባ ትንሽ እብጥ ያለች ጥቁር ነጥብ ወይም ክብ መስኮት ታያላችሁ። ካልታየ የሪሞቱን ጫፍ ከሪሲቨሩ ፊት ጋር አስጠግታችሁ፣ ዙሪያውን በእጃችሁ ከልላችሁ፣ ቁልፍ እየተጫናችሁ ቀስ ብላችሁ ከግራ ወደ ቀኝ አንሸራቱት። የሚሰራበትን ቦታ በእስክሪብቶ ወይም በቁራጭ ፕላስተር ምልክት አድርጉ።

ይሄን ያህል ጥንቃቄ ለምን? የሪሞቱ አምፖል ሀይለኛ ናት፣ ክፍሉን ሞልታ ግድግዳ ላይ ነጥራ እንኳ ትሰራለች። ኤሚተሩ ግን ደካማ ነው፣ ከፊቱ ያለውን ብቻ ነው የሚያበራው። ሁለት ጣት ያህል ወደ ጎን ከተለጠፈ አንዴ ይሰራል አንዴ አይሰራም፣ ያ ደሞ ጨርሶ ካለመስራት የባሰ ያናድዳል።

3. ሽቦ ከመዘርጋታችሁ በፊት ሁሉንም አንድ ቦታ ሰብስባችሁ ሞክሩ።
ሳጥኑን ሪሲቨሩ አጠገብ አስቀምጡ። አይኑን የአይን ቀዳዳ ላይ፣ ኤሚተሩን የኤሚተር ቀዳዳ ላይ ሰኩ፣ ቻርጀሩን በመጨረሻ። ጃክ መብራት ላይ እያለ ሲገባና ሲወጣ ጫፉ ለቅጽበት የማይነካካውን ያነካካል፣ ስለዚህ ሁሌም መብራት መጨረሻ ይሰካል፣ መጀመሪያ ይነቀላል። ብዙ ኪት ላይ አይኑ ባለ ሁለት ቀለበት፣ ኤሚተሩ ባለ አንድ ቀለበት ጃክ ነው፣ ጽሁፉ ከጠፋ በዚህ ትለያላችሁ።

ኤሚተሩን በእጃችሁ ሪሲቨሩ አይን ላይ ያዙ፣ ሌላ ሰው ሪሞቱን ወደ ማራዘሚያው አይን ይጫን። ሲፈትኑ ሪሞቱ ሪሲቨሩን በቀጥታ እንዳያየው በትራስ ወይም በካርቶን ከልሉት፣ አለበለዚያ ማን እንደሰራ አታውቁም። ቻናሉ ከተቀየረ እቃው ደህና ነው፣ ከዚህ በኋላ የሚመጣ ችግር የአቀማመጥ ወይም የሽቦ ነው። ካልሰራ ደሞ ግድግዳ ሳትበሱ አወቃችሁ።

4. መብራቱን ከራሱ ቻርጀር ስጡት።
ሳጥኑ ዩኤስቢ ስለሆነ ሪሲቨሩ ጀርባ ያለው ዩኤስቢ ላይ መሰካት ደስ ይላል፣ አንድ ሶኬት ይቆጥባል። ግን ብዙ ሪሲቨርና ቲቪ በሪሞት ሲጠፋ ዩኤስቢውንም አብሮ ያጠፋዋል። ማራዘሚያው መብራት ከሌለው ደሞ "ተነስ" የሚለውን ትዕዛዝ ማን ያደርስለታል? ማጥፋት ይሰራል፣ ማብራት አይሰራም፣ ተነስታችሁ ሳሎን ትሄዳላችሁ። የድሮ ስልክ ቻርጀር ይበቃል፣ እቃው የሚበላው መብራት በጣም ትንሽ ነው። መብራት ከፍ ዝቅ የሚልበት ሰፈር ከሆናችሁ ሪሲቨሩና ቲቪው ያሉበት ስታብላይዘር ላይ አብራችሁ ሰኩት።

5. የአይኑን ቦታ ምረጡ።
እናንተ ከምትቀመጡበት ወይም ከምትተኙበት በቀጥታ የሚታይ ይሁን፣ ቲቪው ታችኛው ጠርዝ አካባቢ ጥሩ ነው ምክንያቱም ሰው ሪሞት የሚያዞረው ወደ ቲቪው ነው። ሶስት ነገር አርቁለት፦ ከመስኮት በቀጥታ የሚገባ ፀሐይ፣ ረጅሙን የቱቦ አምፖልና ቆጣቢ አምፖል፣ እና የኤሚተሩን ብርሃን። አይኑ ላይ ላስቲክ ከተለጠፈበት ላጡት። አሁን አትለጥፉት፣ መጀመሪያ በቀላል ፕላስተር ብቻ አስይዙት።

6. ሽቦውን ዘርጉ።
ሪሲቨሩ ቡፌ ውስጥ ከሆነ ይሄ የአምስት ደቂቃ ስራ ነው፣ በጀርባ በኩል ባለው የገመድ ቀዳዳ አውጡት በቃ። ክፍል ለማሻገር ከሆነ የዲሹ ወይም የኤችዲኤምአዩ ገመድ ያለፈበት ቀዳዳ ካለ በዛው አሳልፉት፣ ከሌለ በበሩ ጉበን ላይ ወይም በወለሉ ጠርዝ በክሊፕ አስይዛችሁ አዙሩ። የበሩ ማጠፊያ ጋ እንዳይቆረጥ ተጠንቀቁ። ከመብራት ሽቦ ጋር ጎን ለጎን ረጅም መንገድ አታስኬዱት፣ መሻገር ካለበት በመስቀል ይሻገር።

ኪቱ ጋ የሚመጣው ሽቦ ካልደረሰ ማራዘም ይቻላል፣ ጥያቄው የቱን በኩል ነው። ስቴሪዮ ማራዘሚያ ካላችሁ የፈለጋችሁትን። የኔትወርክ ገመድ ቆርጣችሁ የምትቀጥሉ ከሆነ ግን ሳጥኑን ከአይኑ ጋር እናንተ ክፍል አድርጉና የኤሚተሩን ሽቦ አርዝሙት። እሱ ሁለት መስመር ብቻ ነው፣ ብታገላብጡት እንኳ አይበራም እንጂ ብዙ ጊዜ አይቃጠልም፣ መልሳችሁ ታስተካክላላችሁ። የአይኑን ሶስት መስመር ግን መብራቱንና መመለሻውን ካገላበጣችሁ አይኑን ልትሰናበቱት ትችላላችሁ። የኔትወርክ ገመድ ውስጥ ያሉት ስምንት ሽቦዎች ሁለት ሁለት ሆነው የተጠመዘዙ ናቸው፣ ለኤሚተሩ ከአንድ ጥምዝ ሁለቱን ተጠቀሙ፣ ለምሳሌ ሰማያዊውን እና ነጭ በሰማያዊውን፣ ጥምዙ የውጭ ረብሻ ስለሚቀንስ። የትኛውን ቀለም ከየትኛው እንዳገናኛችሁ ስልካችሁ ላይ ፎቶ አንሱት።

7. ኤሚተሩን ለጥፉ።
የሪሲቨሩን ፊት በአልኮል ጥረጉና አድርቁ፣ አቧራና ቅባት ላይ የተለጠፈ ነገር ሙቀት ሲነካው ይወርዳል፣ ሪሲቨር ደሞ ይሞቃል። ምልክት ያደረጋችሁበት ላይ የኤሚተሩን አምፖል ወደ ሪሲቨሩ አዙራችሁ አስቀምጡ፣ ገና ሳትጫኑት ሞክሩ፣ ትንሽ ወደ ግራ ወደ ቀኝ እያላችሁ ሁሌ የሚሰራበትን ቦታ ስታገኙ ያኔ ተጫኑት። የሚገርመው አንዳንዴ ልክ አይኑ ላይ ሲለጠፍ አይሰራም፣ ብርሃኑ ሲበዛበት ሪሲቨሩ ይደናገራል። እንደዛ ከሆነ አንድ ወይም ሁለት ሳንቲሜትር ገለል አድርጉት።

ሳሎን ያለ ሰውም ሪሞቱን በቀጥታ መጠቀም ከፈለገ ኤሚተሩ አይኑን ሙሉ በሙሉ እንዳይሸፍነው ጠርዙ ላይ ለጥፉት። ማንም ሳሎን ሆኖ የማይጠቀም ከሆነ ደሞ ከላዩ ጥቁር ፕላስተር ደርቡበት፣ ብርሃኑ ሌላ እቃ ጋ እንዳይሄድ።

8. እንደ እውነተኛ ተጠቃሚ ፈትኑት።
ድምፅ ቁልፉን ተጭናችሁ ያዙ፣ ሳይቆራረጥ መጨመር አለበት። ሶስት አሃዝ ያለው የቻናል ቁጥር ቶሎ ቶሎ ጻፉ። ሪሲቨሩን አጥፉና መልሳችሁ አብሩ። የክፍሉን መብራት አብርታችሁም አጥፍታችሁም ሞክሩ። ሁሉም ካለፈ አይኑን በደንብ ለጥፉት፣ ሽቦውን እሰሩ።

አልሰራ ሲል

ሁሉንም ነቅሎ መልሶ መሰካት አይደለም መፍትሄው፣ ከሪሞቱ ጀምራችሁ በሰንሰለቱ ቅደም ተከተል ሂዱ። ሪሞቱ በካሜራ ይታያል? የሳጥኑ መብራት በርቷል? ካልበራ ቻርጀሩን በስልክ ፈትኑት። ሪሞቱን ስትጫኑ የሳጥኑ ወይም የአይኑ መብራት ብልጭ ይላል? ካላለ ችግሩ አይኑ ወይም ጃኩ ነው፣ ጃኩን እስከ መጨረሻው ግፉት፣ "ቀጭ" ካላለ አልገባም። ብልጭ ካለ ወደ ኤሚተሩ ሂዱ፣ በካሜራ እዩት። ኤሚተሩ ካልበራ ሌላ ቀዳዳ ላይ ሰክታችሁ ሞክሩ፣ ከዛ ሽቦውን ጠርጥሩ። አንድ ጃክ ላይ ሁለት ራስ ያለው ኤሚተር ብዙ ጊዜ በተከታታይ ነው የተያያዘው፣ አንዱ ከሞተ ሁለቱም ይጠፋሉ። ኤሚተሩ በርቶ ሪሲቨሩ ካልሰማ ግን ወደ እርምጃ 2 እና 7 ተመለሱ፣ ቦታው ነው።

የሳጥኑ መብራት ማንም ሳይጫን ዝም ብሎ የሚያብለጨልጭ ከሆነ

አይኑ የማይሆን ብርሃን እያየ ነው። በእጃችሁ ሙሉ በሙሉ ሸፍኑት። ብልጭታው ከቆመ ምንጩ ክፍሉ ውስጥ ነው፣ አምፖሎቹን አንድ በአንድ አጥፉ፣ መጋረጃ ዝጉ፣ ቲቪውን አጥፍታችሁ እዩ። ክረምቱን ሙሉ ደህና ሲሰራ ቆይቶ ከመስከረም በኋላ ከሰዓት ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ብቻ እምቢ የሚል ማራዘሚያ ካላችሁ፣ ወደ ምዕራብ ያለው መስኮታችሁ ነው ጥፋተኛው። አይኑን ወደ ጥላ አዙሩት ወይም ዙሪያውን በጥቁር ፕላስተር ኮፍያ ስሩለት። ሸፍናችሁትም ካልቆመ የሽቦ ረብሻ ነው፣ ከመብራት መስመር እና ከቻርጀሩ አርቁት፣ ርካሽ ቻርጀርም ይረብሻል፣ በሌላ ሞክሩ።

አንዴ ተጭናችሁ መብራቱ ሳይቆም ከቀጠለ

ይሄ ሌላ ነው። ኤሚተሩ የሚለቀውን አይኑ መልሶ እያየው ነው፣ ያየውን ይልካል፣ የላከውን ያያል፣ ማይክ ስፒከር ፊት ሲያዝ እንደሚጮኸው ማለት ነው። ሁለቱም አንድ ክፍል ወይም አንድ ቡፌ ላይ ሲሆኑ ነው የሚመጣው፣ በተለይ ባለ መስታወት በር ቡፌ ላይ ብርሃኑ እየነጠረ። ኤሚተሩን በጥቁር ፕላስተር ሸፍኑ፣ አይኑን አርቁ፣ ይቆማል።

ቻናል ሁለት ሁለት ከዘለለ

ሪሲቨሩ ከሪሞቱም ከኤሚተሩም አንድ ላይ እያየ ነው። በተለይ ባለ ሬዲዮው ትንሽ ስለሚዘገይ አንድ መጫን ሁለት ሆኖ ይደርሳል። የሪሲቨሩን ፊት ከሪሞቱ ከልሉ፣ ወይም ሁለት ኤሚተር ለጥፋችሁ ከሆነ አንዱን አንሱ።

አንዱ እቃ ይሰራል ሌላው አይሰራም

38 ያልኳችሁ እዚህ ጋ ነው። አብዛኛው ሪሞት 38 ኪሎኸርዝ፣ ማለትም በሰከንድ 38 ሺህ ብልጭታ ነው፣ የሶኒ ግን 40 ነው፣ የድሮዎቹ የፊሊፕስ 36። ጥሩ ኪት ከ30 እስከ 60 ያለውን ይቀበላል፣ ርካሹ 38 ላይ ብቻ የተስተካከለ ስለሆነ ለሌሎቹ ከቅርብ ብቻ ይሰራል ወይም ጭራሽ አይሰራም። ካርቶኑ ላይ የተጻፈውን አንብቡ፣ ይሄ በማስተካከል የሚድን አይደለም፣ ሌላ ኪት ነው።

መኝታ ቤት ስትጫኑ የሳሎኑ ቲቪም ከታዘዘ

ሁለቱ ቲቪዎች አንድ ብራንድ ናቸው እና ኤሚተሩ ብርሃን እያፈሰሰ ነው። የቲቪውን ሪሞት ስትጫኑ ማራዘሚያው ለይቶ አያውቅም፣ ያየውን ሁሉ ሳሎን ያደርሳል። ኤሚተሩን ሪሲቨሩ ላይ በጥቁር ፕላስተር አፍኑት፣ ከአይኑ ውጪ የትም እንዳይታይ።

መብራት ሄዶ ከመጣ በኋላ ዝም ካለ

ቻርጀሩን ከሶኬት ነቅላችሁ አንድ ደቂቃ ቆይታችሁ መልሱ። ካልተነሳ መጀመሪያ ቻርጀሩን ቀይሩ እንጂ ሳጥኑን አትጣሉ፣ መብራት በሀይል ሲመጣ ቀድሞ የሚሄደው ቻርጀሩ ነው።

ዋይፋዩ አልያያዝ ካለ

ብዙዎቹ በ2.4 ጊጋኸርዝ ብቻ ነው የሚሰሩት። ራውተራችሁ 2.4 እና 5ን በአንድ ስም የሚያወጣ ከሆነ ለማያያዝ ያህል ስማቸውን ለዩት ወይም 5ን ለጊዜው አጥፉት። ከተያያዘ በኋላ መልሳችሁ ማብራት ትችላላችሁ። የራውተሩን የዋይፋይ ፓስወርድ በቀየራችሁ ቁጥር ይሄንንም እንደ አዲስ ማያያዝ አለባችሁ።

መርካቶም ሆነ ሌላ ቦታ ስትገዙ ሱቁ ውስጥ የምትሰሩት ፈተና ይሄ ነው፦ የቤታችሁን ሪሞት ይዛችሁ ሂዱ፣ ሻጩ ኪቱን ቻርጀር ላይ ይሰካላችሁ፣ ሪሞቱን ወደ አይኑ ተጫኑና እያንዳንዱን ኤሚተር በስልካችሁ የፊት ካሜራ እዩ። አራት ራስ ካለው አራቱንም። ሁሉም ካልበራ ሌላ ያውጣላችሁ።